የሜዲካል ዶሲሜትሪስት ሥልጠና፦ የሐዋሳ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር በስልክም በአካልም የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ዶሲሜትሪስት ምንድን ነው የሚሠራው?

የካንሰር ታካሚ የሚወስደውን የጨረር ሕክምና ፕላን ይሠራል። ሐኪሙ «ለዚህ ዕጢ በ25 ቀን 50 ግሬይ ይሰጥ» ብሎ ያዛል። ጨረሩ በየት በኩል ይግባ? ስፋቱ ምን ያህል ይሁን? ከእያንዳንዱ አቅጣጫ ምን ያህል ይሰጥ? አጠገቡ ያለው ጤነኛ አካል እንዴት ይትረፍ? ይህን ሁሉ አስልቶ የሚያወጣው ዶሲሜትሪስቱ ነው። ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ክፍል አንድ ጁል የጨረር ጉልበት ሲቀበል አንድ ግሬይ እንላለን።

አክስቴ «ታዲያ አንቺ ዶክተር ነሽ ወይስ የኮምፒውተር ሠራተኛ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ልብስ ሰፊ በይኝ፤ ሐኪሙ ጨርቁን ይመርጣል፣ እኔ በሰውዬው ልክ እቆርጣለሁ» አልኳት። ወዲያው ገባት።

ከሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና ከራዲዮቴራፒስት በምን ይለያል?

ራዲዮቴራፒስቱ ታካሚውን አስተኝቶ ማሽኑን ያሠራል። የፊዚክስ ባለሙያው ማሽኑ የሚያወጣው ጨረር ልክ መሆኑን ይለካል፣ የተሠራውን ፕላንም ይፈትሻል። ዶሲሜትሪስቱ በሐኪሙና በእነዚህ ሁለቱ መሃል ነው።

እኛ አገር ፕላን በአብዛኛው የሚሠሩት የፊዚክስ ባለሙያዎች ናቸው። ዶሲሜትሪስት የሚባል ራሱን የቻለ መደብ ያለው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ነው። ስለዚህ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ቃሉን ፈልጋችሁ ስታጡት ተስፋ አትቁረጡ። መፈለግ ያለባችሁ ሥራውን ነው።

ታካሚ አገኛለሁ ወይስ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ?

አብዛኛው ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ነው። ግን ሲሙሌሽን ላይ፣ ማለትም ታካሚው ለፕላን የሚሆነውን ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ መገኘት አለባችሁ። እዚያ ያልታየ ነገር በኋላ ስክሪን ላይ አይገኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የጭንቅላት ወይም የአንገት ታካሚ ፊቱ እንዳይንቀሳቀስ በፊቱ ልክ ማስክ ይሠራለታል። ፕላስቲኩ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ፊት ላይ ይወጠራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። አንዲት እናት ሹሩባ ተሠርታ መጥታ ማስኩ በዚያ ላይ ከተሠራ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሹሩባዋን ስትፈታ ማስኩ ይሰፋባታል። ጭንቅላቷ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። እኛ ደግሞ የምንለካው በሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ማስኩ ከመሠራቱ በፊት ስለ ፀጉሯ መጠየቅ የሥራችን አካል ነው። ማተብም እንደዚሁ ነው። አንገት ላይ ያለ ብረት መስቀል ምስሉን ያበላሻል፣ ግን ተነስቶ «አውልቂው» አይባልም። ምክንያቱን አስረድታችሁ፣ የት እንደሚቀመጥላት ነግራችሁ ነው።

ቋንቋም አለ። ሐዋሳ የሚመጣው ታካሚ ሲዳሙ አፎ ይናገራል፣ ወላይትኛ ይናገራል፣ ኦሮምኛ ይናገራል። የማኅፀን በር ካንሰር ታካሚ ውኃ ጠጥታ ፊኛዋ እስኪሞላ መጠበቅ አለባት፤ የሞላ ፊኛ ትንሹን አንጀት ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ ያርቀዋል። ይህ ሳይገባት ቀርቶ «ሰው ፊት እንዳልዋረድ» ብላ ሽንት ቤት ሄዳ ብትተኛ፣ ያ የተለፋበት ፕላን የዚያን ቀን የእሷ አይደለም። የአካባቢያችሁን ቋንቋ የምትችሉ ልጆች ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

ለመግባት ምን መማር አለብኝ? ሒሳብ ካልወደድኩስ?

ጥሩው መነሻ በራዲዮሎጂ ወይም በራዲዮቴራፒ ቴክኖሎጂ፣ አለዚያም በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከፊዚክስ የመጣ አናቶሚ ይጎድለዋል፣ ከራዲዮሎጂ የመጣ ሒሳቡ ይከብደዋል። ሁለቱም ይካካሳል።

ሒሳቡ ራሱ ከ12ኛ ክፍል ብዙም አይርቅም፤ ክፍልፋይ፣ ሎጋሪዝም፣ ማዕዘን፣ ግራፍ ማንበብ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የጨረሩ ጥንካሬ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ከገባችሁ ጥሩ ጀምራችኋል። ይልቅ ቅርጽን በዓይነ ኅሊና ማየት የማይሆንለት ሰው ይቸገራል። ጠፍጣፋ ምስል እያየ ውስጡ ያለውን ሙሉ አካል ማሰብ አለበት።

ሥልጠናው «ሆስፒታል ውስጥ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ክፍል ውስጥ የምትማሩት ነገር አለ፤ የጨረር ፊዚክስ፣ አናቶሚ፣ የካንሰር ባሕርይ፣ ከጨረራ መከላከል። ዋናው ጊዜ ግን የሚያልፈው የሆስፒታሉ ፕላን ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ልምድ ያለው ሰው ጎን ነው። መጀመሪያ ታያላችሁ። ቀጥሎ ሕክምናቸውን በጨረሱ ታካሚዎች ምስል ላይ ትለማመዳላችሁ። ከዚያ ለእውነተኛ ታካሚ ትሠራላችሁ፣ ግን ከእናንተ ሌላ ሰው ሳይፈትሸውና ሐኪም ሳይፈርምበት ወደ ማሽን አይሄድም። አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ቢያንስ 12 ወር ይፈጃሉ፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚሄዱም አሉ።

ትምህርቱ በኦንላይን ተሰጥቶ ልምምዱ ሆስፒታል የሚሆንባቸው ፕሮግራሞችም አሉ፣ እነሱ ችግር የለባቸውም። ሆስፒታል የሌለበት «ሰርተፊኬት» ግን ገንዘባችሁን አትስጡት። ይህን አጠንክሬ የምለው ሁለት ልጆች ከፍለው ወረቀቱን ይዘው ስለመጡብኝ ነው። አንድም የታካሚ ምስል አላዩም ነበር።

ሐዋሳ ሆኜ መጀመር እችላለሁ?

ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ የኮባልት ማሽን (ጨረሩ ከራዲዮአክቲቭ ምንጭ የሚወጣበት) ነበር። ከሐዋሳ፣ ከዲላ፣ ከአርባ ምንጭ የተነሳ ታካሚ አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አገልግሎቱን ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ለማስፋት ሲታቀድ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከጎንደርና ከመቀሌ ጋር ሐዋሳም ተካታለች። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ ሕልም አይደለም፣ እዚሁ ከተማችሁ ሰው የሚያስፈልግበት ሥራ ነው።

ዛሬ ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉ ሄዳችሁ የካንሰር ሕክምና ክፍሉን አነጋግሩ። ደብዳቤ ከትምህርት ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ቁጭ ብላችሁ ለማየት ጠይቁ። ለከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ጣሊያን ትሪዬስት የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዮሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከትሪዬስት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሰጠው የሕክምና ፊዚክስ ማስተርስ አለ። ሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ። በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። ስሙ ፊዚክስ ቢሆንም ፕላን መሥራት የዚያው ትምህርት አካል ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በአባል አገሮች በኩል የሥልጠና ዕድል ይሰጣል፤ ማመልከቻው ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል ስለሚያልፍ የምትሠሩበት ሆስፒታል ሊደግፋችሁ ይገባል። ተቀጥሮ መጀመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ይመስላሉ?

መስመር መሳል። ፊኛን፣ አንጀትን፣ የጭን አጥንትን ጭንቅላት፣ ሳንባን፣ ልብን እየከበቡ መሳል። ኮንቱር እንለዋለን። ሠላሳ ሳንቲሜትር የሚሆን የዳሌ ስካን በሦስት ሚሊሜትር ሲከፋፈል 100 ምስል ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ ፊኛው የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል?

የመጀመሪያውን ኮንቱሬን ይዤ አሠልጣኜ ጋ ስሄድ አንድ ቃል አልተናገረም። የማውሱን ጎማ በፍጥነት አሽከረከረው። ምስሎቹ እንደ ፊልም ሲሮጡ የእኔ መስመር ይዘል ነበር። አንድ ቦታ ይሰፋል፣ በሚቀጥለው ይጠባል። ከዚያ ከጎን የሚያሳየውን ምስል ከፈተው፤ ፊኛው የተሰበረ ደረጃ ይመስላል። የሰው ፊኛ እንደዚያ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አሁንም ማንኛውንም ኮንቱር ስፈትሽ መጀመሪያ የማደርገው ጎማውን ማሽከርከር ነው።

ብዙ ሠልጣኝ እዚህ ላይ ይሰለቻል። «መቼ ነው ፕላን የምሠራው?» ይላል። ኮንቱሩ ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ በታማኝነት የተሳሳተውን ቦታ ነው የሚጠብቅላችሁ።

ኮምፒውተሩ ካሰላው እኛ በእጅ የምናሰላው ለምንድን ነው?

ኮምፒውተሩ የተነገረውን ስለሚያሰላ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 ፓናማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የጨረር መከለያ ብሎኮችን ሶፍትዌሩ ባልተዘጋጀበት መንገድ አስገባ። ሶፍትዌሩ ስህተት አለ አላለም። የሕክምናውን ሰዓት ወደ እጥፍ አድርጎ አወጣው። 28 ታካሚዎች ከልክ ያለፈ ጨረር አገኙ፣ በዚያም ሳቢያ የሞቱ አሉ። አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢያረጋግጥ ኖሮ ይያዝ ነበር።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ባለ 6 ሜጋቮልት ጨረር፣ 10 በ10 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ከቆዳው 100 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ እንበል። ማሽኑ የተስተካከለው በአንድ ዩኒት (ማሽኑ የሚያወጣውን ጨረር በሚቆጥርበት መለኪያ) አንድ ሴንቲግሬይ፣ ማለትም የግሬይ መቶኛ፣ እንዲሰጥ ነው፤ ይህም ጨረሩ በሚበረታበት በ1.5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ነው። 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው ግን 67 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ 200 ሴንቲግሬይ እንዲደርስ ከተፈለገ 200ን ለ0.67 ማካፈል፤ 299 ዩኒት አካባቢ። ሶፍትዌሩ 296 ካላችሁ ደህና ነው። 265 ካላችሁ ምክንያት ፈልጉ። ጨረሩ ሳንባ አቋርጦ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ አየር ስለሚበዛው ጨረሩን ያን ያህል አያስቀርም። 598 ካላችሁ ከወንበራችሁ ተነሱ፣ ሰው ጥሩ።

ጨረሩ እኔን አይጎዳኝም? መውለድስ?

ይህን በብዛት የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው፣ ለልጆቻቸው ሰግተው። ፕላን የሚሠራበት ክፍል ውስጥ የጨረር ማሽን የለም። ማሽኑ ያለው በወፍራም ኮንክሪት በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሲሠራም ከታካሚው በቀር ማንም አይገባም። ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማሽን፣ ሊኒየር አክሰለሬተር፣ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። ኮባልት ግን ምንጩ ራሱ ሁልጊዜ ጨረር ያወጣል፤ ማሽኑ ይከልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ለሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው (ሲቨርት ጨረር በሰው ላይ የሚያስከትለው የጉዳት ስጋት የሚለካበት ነው)። በጨረር አካባቢ የሚሠራ ሰው ደረቱ ላይ መለኪያ ያደርጋል፣ እሱም በየጊዜው ይነበባል። እርጉዝ የሆነች ባለሙያ ቶሎ ለኃላፊዋ ታሳውቅ፤ ለፅንሱ የተቀመጠው ገደብ ጥብቅ ስለሆነ የሥራ ድርሻዋ ይስተካከላል። ከሥራ አያስወጣም። መውለድም አያስከለክልም።

የአሜሪካውን የዶሲሜትሪስቶች ቦርድ የሙያ ብቃት ፈተና ልፈተን እችላለሁ?

በቀጥታ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቦርዱ የመጀመሪያ ዲግሪና ዕውቅና ካለው የዶሲሜትሪ ፕሮግራም መመረቅን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት በሥራ ልምድ ብቻ መፈተን ይቻል ነበር፣ ያ በር ተዘግቷል። የድሮ ምክር ይዛችሁ አትድከሙ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራውን አይወስደውም?

ኮንቱር መሳሉን በብዙ ቦታ እየወሰደው ነው፣ ፕላንም ይሠራል። እኔ አልፈራውም፣ ግን ጎማውን የማሽከርከር ዓይን የሌለው ሰው ቢጠቀምበት እፈራለሁ። ማሽኑ የሳለውን የሚያርመው በእጁ ስሎ የሚያውቅ ነው።

ቁጥሮቹ ሁሉ በገደቡ ውስጥ ከሆኑ ፕላኑ ጥሩ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ሠልጣኝ ሲጠይቀኝም ደስ ይለኛል።

ዕጢው የታዘዘውን መጠን ከ95 እስከ 107 በመቶ እንዲያገኝ እንፈልጋለን። ለኅብለ ሰረሰር 45 ግሬይ የሚል የቆየ ገደብ አለ። ለፊኛ አለ፣ ለአንጀት አለ። ሁሉም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ግን ያቺ 107 በመቶ የደረሰችው ቦታ የት ናት? ዕጢው መሃል ከሆነች ግድ የለም። ከዕጢው ጫፍ ወጥታ አንጀት ላይ ካረፈች ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩ ቦታ አይነግራችሁም። ምስሉን አንድ በአንድ መውረድ አለባችሁ።

ሌላም አለ። በጣም የተራቀቀ ፕላን ማሽኑ ላይ 12 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ ቀለል ያለው 4 ደቂቃ። ውጭ ወረፋ የያዙ 60 ሰዎች አሉ፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል። ፊኛዋን ሞልታ የተኛች ሴት 12 ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች? የማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና በስምንት ሳምንት ውስጥ ካላለቀ ውጤቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሚቋረጥ ሕክምና ራሱ ጉዳት ነው። ለኅብለ ሰረሰር ቅርብ ለሆነ ዕጢ የተራቀቀውን እሠራለሁ፣ ጊዜም አልሰስትም። አጥንት ላይ ደርሶ የሚያሠቃይ ካንሰር ላለበት፣ አንድ ቀን 8 ግሬይ ለታዘዘለት ሰው ግን ቀላሉን ፕላን ቶሎ ጨርሼ ዛሬውኑ እንዲታከም ነው የምሮጠው።

ብሳሳትስ?

ትሳሳታላችሁ። ሠልጣኝ ሆኜ ለጡት ካንሰር አንድ ፕላን ሠራሁ። ስክሪኑ ላይ ያምር ነበር፣ ልብና ሳንባ በደንብ ተርፈዋል። ከሕክምናው በፊት ማሽኑን ያለ ጨረር አዙረን ስንሞክረው የማሽኑ ራስ የታካሚዋ ክርን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እጇን ወደ ላይ አድርጋ እንደምትተኛ አውቅ ነበር። ክርኗ ግን ስካኑ ውስጥ ስላልገባ ስክሪኑ ላይ አልነበረም፣ ስክሪኑ ላይ የሌለውን ደግሞ አላሰብኩም።

እዚያው ተናገርኩ፣ ፕላኑን ማዕዘን ቀይሬ ደገምኩት፣ ሕክምናዋ በአንድ ቀን ዘገየ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ስትሠለጥኑ የምትገቡበትን ክፍል የምትመዝኑበት መንገድ ይህ ነው፤ ስህተት የሚነገርበትና የሚመዘገብበት ነው ወይስ የሚሸፈንበት? «ዝም በሉ፣ ማንም አላየም» የሚባልበት ክፍል ከሆነ የመሣሪያው ዘመናዊነት አይሸንግላችሁ።

ዘመዴ ታካሚ ሆኖ ቢመጣ ፕላኑን እኔ ልሥራለት?

እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት፣ ይህ መድረሱ አይቀርም። ቤተሰብም «አንቺ እያለሽ ለማን እንስጥ?» ይላል። የእኔ መልስ፦ አትሥሩ። የምትወዱት ሰው ሲሆን እጃችሁ ለጤነኛው አካል ያደላል፣ ዕጢው ጫፍ ላይ መጠኑን ትቀንሳላችሁ። አለዚያም ፈርታችሁ ከልክ በላይ ታሰፋላችሁ። ለባልደረባችሁ ስጡ፣ ምክንያቱን ተናገሩ።

እኔ አንድ ቀን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያሳደገችኝን የጎረቤታችንን እናት ስም አየሁ። ፕላኑን ባልደረባዬ ሠራው፣ ሌላ ሰው ፈተሸው፣ እኔ ፋይሉን አልከፈትኩም። በሕክምናው የመጀመሪያ ቀን ውኃዋን ይዤ ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊኛዋ እስኪሞላ ስለ ድሮው ሰፈራችን እያወራን 40 ደቂቃ ጠበቅን።